ዲሹ ለምን ወደዚያ ዞረ?

በኮምቦልቻ ለኤሌክትሮኒክስ ሰልጣኞች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር

ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆችና አሰልጣኞች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

ስለ ቴክኖሎጂ በሰፊው እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። እኔ ግን ስለ ዲሽ ብቻ ላውራ፤ ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያዋን ብር የምታገኙት ቆርቆሮ ላይ ወጥታችሁ ነውና።

ደሴ ስትወጡ ጣሪያዎቹን ልብ በሉ። ናይልሳት የተባለውን የግብጽ ሳተላይት የሚያዩት ዲሾች ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ዞረዋል፤ ናይልሳት ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሲመጣ ግን ብዙው ሰው ለጦሳ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዞረ። ኢትዮሳት ስሙ እንጂ የራሳችን ሳተላይት አይደለም። ቻናሎቻችን የተሳፈሩት ኤስኢኤስ የተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ባመጠቀው ኤንኤስኤስ 12 ላይ ነው፤ ቦታው 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ከኛ ሰፈር ሲታይ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ናይልሳት ግን 35 ብቻ። ስለዚህ ጦሳ ሥር ለተጠጋ ቤት ተራራው ናይልሳትን ሊጋርድ ይችላል። 57ን የሚጋርደው ዛፍ ወይም የጎረቤት ፎቅ ነው።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል ይዞራል። ለዚህ ነው ከኛ ሲታይ ቆሞ የሚቀረው፣ ዲሹም አንዴ ከታሰረ የማይነካው። «ሳተላይቱ ቦታ ቀይሯል» ብሎ በየወሩ ብር የሚቀበል ባለሙያ አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ቡሎን ነው ያጠበቀው።

የመስቀል ሰሞንን ደግሞ አስታውሱ። በነዚያ ቀናት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ልክ ከ57 ዲግሪው ሳተላይት ጀርባ ትመጣለች፤ ጨረሯ ሲግናሉን ስለሚውጠው ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። መጋቢት መጀመሪያ ላይም እንዲሁ ነው። በዚያች ሰዓት ደንበኛ ከደወለላችሁ «እማማ፣ ቡናውን እስኪያፈሉ ይመለሳል» በሏቸው። ኤልኤንቢውን፣ ማለትም ዲሹ ፊት ያለችውን ሲግናል ተቀባይ፣ ቀይሮ ገንዘብ መቀበል ይቻላል፤ ሥዕሉም መመለሱ አይቀርም፤ ሴትዮዋም ይመርቋችኋል። እኔ ግን ይህን ሌብነት ነው የምለው።

የደሴ ጉም ሲግናል አይነካም፤ በከንቱ ይታማል። የሐምሌ ዶፍ ግን ይነካል። ዲጂታል እንደ ድሮው አንቴና እየነጣ አይዳከምም፤ ሥዕሉ እስከ መጨረሻው ጠርቶ ይቆይና በድንገት አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰባበራል። ስለዚህ ፀሐይ በሆነ ቀን «ይሠራል» ብላችሁ አትውረዱ። ኳሊቲው፣ ማለትም ሪሲቨሩ የሚያሳየው የሲግናል ጥራት፣ ከዚህ በላይ አልጨምር እስኪል ድረስ ዲሹን በጣት በጣት ግፉት፤ ኤልኤንቢውንም በመያዣው ውስጥ ትንሽ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ ሞክሩት። የክረምቱን መጠባበቂያ የምታገኙት ከዚያች ትርፍ ነው። ኮኔክተሩንም ውኃ እንዳይገባው በደንብ ሸፍኑት።

ግቢው ውስጥ ሆን ተብሎ የተዛባ ዲሽ ቆሟል። ምስክር ወረቀታችሁን ከተቀበላችሁ በኋላ መፍቻ ይዛችሁ ኑ፤ ወላጆች ዙሪያውን ቆመው ይዩላችሁ።

አመሰግናለሁ።