አንድ ዴቨሎፐር ያዙ

የተከበራችሁ የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ወዳጆች፣

ፊልም ራሱ ማጠብ የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ዴቨሎፐር ይሻላል?» ብሎ ነው፤ ዴቨሎፐር የምንለው ፊልሙ ላይ ምስሉን የሚያወጣውን የማጠቢያ ፈሳሽ ነው። እኔ ግን በዚያ ፈንታ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። የምታነሡት ምንድን ነው? የምታጥቡትስ በየስንት ጊዜው ነው?

ዴቨሎፐር ብርሃን ያረፈበትን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለውጣል። ሁሉም ይህን ያደርጋሉ፤ ጠባያቸው ግን አይመሳሰልም። እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የሚሠራበትን የኮዳክ ዲ-76 እንመልከት። በአንድ ሊትር ውስጥ 2 ግራም ሜቶል፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 2 ግራም ቦራክስ፣ 100 ግራም ደግሞ ሶዲየም ሰልፋይት አለ። ምስሉን የሚያወጡት የሜቶሉና የሃይድሮኪኖኑ ሰባት ግራም ናቸው። መቶው ግራም ሰልፋይት ፈሳሹን ከአየር ይጠብቃል፤ የብሩን ቅንጣት ጠርዝም በስሱ ያሟሟል፤ ቅንጣቱ የሚለዝበው በዚህ ነው። በእኩል ውሃ ስታቀጥኑት የማሟሟት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ቅንጣቱ ጎላ ይላል፣ ጠርዙም ይሰላል። ስለዚህ የሰው ፊት ሳነሣ ሳላቀጥነው፣ ድንጋይና የዛፍ ቅርፊት ሳነሣ አቅጥኜ እጠቀምበታለሁ። ከአንድ ጠርሙስ ሁለት ጠባይ ማግኘት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው!

የምታጥቡት አልፎ አልፎ ከሆነ ግን ሮዲናል የተባለውን ዴቨሎፐር አስቡ። እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ አለ። አንዱን እጅ በ50 እጅ ውሃ አቅጥናችሁ ለአንድ ጊዜ ብቻ ትጠቀሙበታላችሁ፤ ያልቀጠነው ቢጠቁርም ለዓመታት ይቆያል። ቅንጣትን አይደብቅም። በ400 አይኤስኦ ፊልም ላይ ሻካራ ነው (አይኤስኦ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ ነው)፤ በ100 እና ከዚያ በታች በሆነው ላይ የሚሰጠውን ጥራት ግን እወደዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው ኤክስቶል ከቫይታሚን ሲ ቤተሰብ በሆነ ኬሚካል ይሠራል። ቅንጣቱ ለስላሳ ነው፤ በጥላ ውስጥ ያለውንም ዝርዝር በደንብ ያወጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሲያረጅ ቀለሙ ሳይለወጥ ሊደክም ይችላል። እኔ የአያቴን የመጨረሻ ፎቶግራፎች የያዘ ፊልም ያጣሁት በዚህ ነው። ፈሳሹ ውሃ መስሎ ጠርቶ ነበር፤ ፊልሙ ከታንኩ ሲወጣ አንዳች ምስል አልነበረበትም።

የመረጣችሁትን ቢያንስ ለ10 ፊልም አትለውጡት። ሙቀቱን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያዙ፤ ደቂቃውን ጻፉ። ኔጌቲቩ ከሳሳ (ምስሉ ከፈዘዘ) ወይም ከወፈረ (ምስሉ ከመጠን በላይ ከጠቆረ) ጠርሙሱን ከመቀየራችሁ በፊት የማጠቢያውን ደቂቃ አስተካክሉ።

ከእያንዳንዱ እጥበት በፊት ደግሞ ብርሃን ካየው የፊልሙ ጫፍ ቁራጭ ቆርጣችሁ በመብራት ሥር ዴቨሎፐሩ ውስጥ ክተቱት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልጠቆረ ፈሳሹን ድፉት፤ ፊልማችሁን አዲስ እስክታዘጋጁ ድረስ ከካሴቱ አታውጡት።

አመሰግናለሁ።