አባሉ በዛ፣ ደጋፊው ሳሳ

(ምስል፦ ጠዋት፣ ጉም፣ ደሴ ከጦሳ ላይ ስትታይ)

ሰላም ናችሁ? አብሽሩ፣ ዛሬ ማንንም ልሰድብ አልመጣሁም። አንድ ጥያቄ አለችኝ። አንድ ፓርቲ በአንድ አካባቢ ድጋፉን የሚያጣው መቼ ነው?

"በምርጫ ቀን ነዋ" የሚል አይጠፋም። ለእኔ ግን በምርጫ ቀን የሚቆጠረው ቀድሞ ያለቀ ነገር ነው። ፓርቲው ሰዉን ያጣው ከዚያ በፊት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጎረቤቱ ያሰማውን ሮሮ ወደ ላይ ማድረስ የፈራ ዕለት ነው። በቃ፣ የዛሬው ቪዲዮ ይኸው ነው። ቀሪው ማስረጃ ነው፣ ማስረጃውም ወሎ ነው።

(ምስል፦ የድሮ የወሎ ካርታ)

ከ1965 እንጀምር። ዝናቡ ቀረ። የወሎ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ፣ የሚያልፍ መኪና ቢያየን ብሎ። መኪናውም አየ። ወሬው ግን ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲሄድ እየሳሳ፣ እየለዘበ፣ መጨረሻ ላይ የለም ሆነ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶ አንስተው ባያሳዩ ኖሮ አዲስ አበባ ምን ያህል ጊዜ ሳይሰማ ይኖር እንደነበር እንጃ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡ ብቻውን አላወረዳቸውም፣ የወታደሩም የነዳጁም ጣጣ ነበረበት። ነገር ግን የተደበቀው ረሃብ "እነዚህ ሰዎች ለእኛ አይደሉም" አሰኘ።

ደርግ ከዚህ ተማረ? አልተማረም። በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ አከበረ፣ ኢሠፓንም በዚያው ሰሞን መሠረተ። ልብ በሉ፣ ፓርቲው የተወለደው ኮረም ላይ ሰው በሺህ በሚያልቅበት ወቅት ነው። ከዚያ ደግሞ ሠፈራ መጣ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ ሰው ተጭኖ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ሄደ። ፈልጎ የሄደ ነበር፣ ታፍሶ የሄደም ነበር። የማን ዘመድ መተከል፣ ፓዌ እንደቀረ ወሎ ውስጥ ጠይቁ፣ ቡናው ሳይፈላ ሦስት ስም ይነገራችኋል።

(ምስል፦ የንብ ምልክት)

ኢህአዴግ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይለያል። እኔ በዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። በአማራ ክልል የኢህአዴግ ክንፍ የነበረው ብአዴን፣ ያኔ ኢህዴን፣ በ1973 የተወለደው ዋግ ውስጥ ነው። ለወሎ ባዕድ አልነበረም። ልጁን ለውትድርና አፈሳ እየደበቀ ለኖረ ገበሬ፣ ጦርነቱ በ1983 ማለቁ ብቻውን ድጋፍ ነበር። የእውነት ድጋፍ።

ታዲያ ምን ነካው?

በ1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት በመላ አገሪቱ 109 ወንበር አገኘ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ንቧን፣ የኢህአዴግን ምልክት፣ ጠራርጎ አስወጣት። ኢህአዴግ ደነገጠ። መድኃኒቱን ግን አባል በማብዛት ውስጥ ፈለገው። ከ1 ሚሊዮን በታች የነበረው አባል በጥቂት ዓመታት ከ4 ሚሊዮን አለፈ። አንድ ለአምስት ተደራጁ፣ አንዱ አምስቱን ይምራ ተባለ። ቁጥሩን ላየ ሰው ፓርቲው የተወደደ ይመስላል።

አጎቴን ልንገራችሁ። መርሳ አካባቢ ገበሬ ናቸው። አባል የሆኑት ስለ ርዕዮተ ዓለም ገብቷቸው እንዳይመስላችሁ። ሴፍቲኔት የእርዳታ መዝገብ ላይ ስማቸው እንዲገባ ነው፣ ማዳበሪያው ሳያልቅ እንዲደርሳቸው ነው፣ ኮሌጅ የጨረሰው ልጃቸው ሥራ እንዲያገኝ ነው። ማዳበሪያውን የሚያድለው፣ መዝገቡን የሚይዘውና የፓርቲውን መዋጮ የሚሰበስበው ያው አንድ ሰውዬ ነው። ታዲያ እሱን "አልፈልግህም" ይሉታል? ሂውማን ራይትስ ዎች በ2003 ይህንኑ ጉዳይ፣ እርዳታና ማዳበሪያ ከፓርቲ አባልነት ጋር መያያዙን፣ በሪፖርቱ አውጥቶት ነበር። መንግሥት አስተባበለ። አጎቴ ሪፖርቱንም ማስተባበያውንም አልሰሙም። መዋጯቸውን ግን ከፍለዋል።

አሁን ችግሩ ይታያችሁ። ስብሰባ ይጠራል፣ "ጥያቄ ያለው?" ይባላል፣ ዝም። ቃለ ጉባኤው ላይ "ተሳታፊዎች በሙሉ ተስማምተዋል" ተብሎ ይጻፋል። ወረዳው ይህን ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ያስተላልፋል፣ እያንዳንዱም ትንሽ ትንሽ ስኳር ይጨምርበታል፣ ምክንያቱም መጥፎ ዜና ይዞ የሄደ ካድሬ ግምገማ ላይ "አመለካከትህ ችግር አለበት" ይባላል። ሰውዬው ልጅ ያሳድጋል፣ ምን ያድርግ? ባሕር ዳር ሲደርስ ወሎ ፌሽታ ላይ ናት።

(ምስል፦ ሦስት ሳጥን፣ 45፣ 30፣ 25)

የምርጫ ሕጉም ይህን ይሸፍናል። የእኛ ሥርዓት የብልጫ ድምፅ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል አንዱ 45፣ ሌላው 30፣ ሦስተኛው 25 በመቶ ቢያገኝ፣ ወንበሩን ባለ 45ቱ ለብቻው ይወስዳል። ይህ ፓርቲ ባለፈው 70 ኖሮት ቢሆንስ? 25 ነጥብ አጥቷል፣ ወንበር ግን አላጣም። ስለዚህ ምንም አልሆንኩም ይላል። በ2002 ኢህአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545 ያዙ። በ2007 ደግሞ 547ቱንም።

የወሎ መንገድ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። በ2004 "ድምፃችን ይሰማ" የሚለው የሙስሊሞች ጥያቄ ተነሳ። መጅሊሳችንን፣ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤታችንን፣ ራሳችን እንምረጥ፣ መንግሥት አስተምህሮ አይጫንብን የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ወሎ ሲገባ እንደ ሌላው ቦታ አይደለም፣ ቤተሰቡ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን በሆነበት አገር የአንዱ ቅሬታ ከሌላው ሞሰብ አይርቅም። በጥቅምት 2005 ደቡብ ወሎ፣ ገርባ ላይ ሰው ሞተ። ጥያቄው ግን "የጥቂት አክራሪዎች" ተብሎ ታለፈ። የራያ ጉዳይም አለ፣ አላማጣና ኮረም በክልል አከላለሉ ወደ ትግራይ ከሄዱ ጀምሮ የሚብሰለሰል። እሱ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይፈልጋል፣ ዛሬ አልገባበትም።

ከዚያ ጥር 12 ቀን 2010 መጣ። ወልድያ፣ ቃና ዘገሊላ፣ ታቦት የሚሸኝ ሕዝብ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፣ ቢያንስ 7 ሰው ሞተ። በቀናት ውስጥ ቆቦና መርሳ ተነሱ። ከሦስት ዓመት በፊት ምርጫውን መቶ በመቶ ያሸነፈ ፓርቲ እኮ ነው! በወረቀት ላይ እነዚያ ሰልፈኞች ግማሾቹ አባላቱ ሳይሆኑ አይቀሩም። አጎቴም መታወቂያው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

(ምስል፦ አምፖል)

ብአዴን በ2011 አዴፓ ሆነ፣ በ2012 ብልጽግና ውስጥ ገባ። ብልጽግናም ሰኔ 14 ቀን 2013 ተመረጠ። ምልክቱ አምፖል። በ45ኛው ቀን፣ ሐምሌ 29፣ ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ተከተሉ፣ እስከ ኅዳር 27ም አልተመለሱም። ምልክቱ አምፖል የሆነ ፓርቲ፣ መብራት የሌለው ወሎ። ይህን ቀልድ እኔ አልፈጠርኩትም፣ ራሱ ነው የመጣው።

ሰው ከፓርቲ መንገድ ይፈልጋል፣ ፋብሪካ ይፈልጋል፣ እሺ። ቅድሚያ ግን በቤቱ ማደርን ይፈልጋል። ሚያዝያ 2015 ላይ የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ሲባል ቆቦ፣ ወልድያና ሰቆጣ ላይ ሰው የወጣው ለዚህ ይመስለኛል። መንግሥት አንድ ጠንካራ ሠራዊት ያስፈልገናል አለ፣ ክርክሩም ክርክር ነው። ነገር ግን ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ልጆቹን ይዞ በእግሩ ደሴን ለቆ ለወጣ ሰው፣ ማን አማከረው?

አጎቴ አሁንም መርሳ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ አባላት እንደገና ይመዝገቡ ተብሎ አንድ ልጅ እግር መዝገብ ይዞ ቤታቸው መጣ። ቡና አፈሉለት። ወሎ ናቸው፣ እንዴት አያፈሉም። "ጋሼ፣ ከዚህ በፊት አባል ነበሩ?" ሲላቸው ሳጥናቸውን ከፍተው የድሮዎቹን መታወቂያዎች ምንጣፉ ላይ ደረደሩለት፣ ንብ ያለበትንም ሌላውንም።

"የትኛውን ነው የምትጽፈው ልጄ?" አሉት።

ልጁ ሳቀ፣ ከዚያ ስማቸውን ጻፈ። "አስተያየት" ከሚለው ሰረዝ ላይ ምንም ሳይሞላ ገጹን ገለበጠ።