የእማዬ ረከቦት

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጎንደር ነኝ። የማወራችሁ ስለ እንጨት ነው።

አምና ነሐሴ ላይ ለእማዬ ረከቦት ልሠራላት ተነሣሁ። እንጨቱን ለመምረጥ ብዙ አልተጨነቅኩም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ጥድ ሽታው ደስ ይላል፤ ግን ሚስማር ሲገባበት መሰንጠቅ ይወዳል። ወይራ ደግሞ ለመጥረቢያ እጀታና ለዱላ ነው እንጂ በእኔ መላጊያ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ዋንዛ አልኩ። ዋንዛ ለእጅ ይመቻል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ከበሮ የሚሠራበትም ለዚህ ይመስለኛል።

ዛፉን በደንብ መርጬ ነበር። ያልጠየቅኩት መድረቁን ነው።

ረከቦቱን ሠራሁ፤ ፊቱን ዙሪያውን በሚስማር መታሁት። እማዬ ሲኒዎቿን ደርድራ መረቀችኝ። ጥር ላይ ስሄድ ፊቱ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። አምስት ሳንቲም በቁሙ ይገባበታል። የቡናው ውኃ በስንጥቁ ወርዶ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ስኳር አርሶታል። እሷ ግን ጨርቅ ጣል አድርጋበት "ምንም አልሆነም ልጄ" አለችኝ። ያ ጨርቅ አንጀቴን በላው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ በቁመቱ ብዙም አያጥርም፤ በወርዱ ነው የሚጠበው። እኔ ደግሞ ወርዱን በሚስማር ይዤዋለሁ። መሄጃ ሲያጣ ተሰነጠቀ።

አሁን ጣውላ ስገዛ መጀመሪያ አነሣዋለሁ። ከመጠኑ በላይ ከከበደኝ ውኃ አለበት ማለት ነው። ቤት አምጥቼ ጫፍ ጫፉን ቀለም እቀባዋለሁ፤ ውኃው በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በጣውላዎቹ መሃል ቀጫጭን እንጨት አስገብቼ ጥላ ውስጥ እደረድራቸዋለሁ። ከዚያ አንዷን ቁራጭ በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን እመዝናለሁ። ክብደቷ መቀነስ ሲያቆም ያኔ መጋዝ አነሣለሁ።

ደግሞ ሻጩን ዛፉ ከየት እንደተቆረጠ እጠይቀዋለሁ። የ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ገበሬው ማሳው ላይ ያሳደገው ከሆነ ደስ ብሎኝ እገዛለሁ። እንዲህ ያለ ዛፍ በችኮላዬ ማበላሸቴ አሁንም ይቆጨኛል።

የአዲሱ ረከቦት ጣውላ በረንዳዬ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ቁራጯን መዘንኳት፤ ካለፈው ሳምንት 11 ግራም ቀንሳለች። ገና ናት።