«እንግሊዝ ኤምባሲ ወራጅ አለ!» — ኮተቤ ላይ ለአካባቢው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የማንበቢያ ቤቱ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ለጋበዙኝ ወጣቶች ምስጋናዬ ይድረስ። «ጋሼ፣ የፈለጉትን ርዕስ ይምረጡ» ሲሉኝ ብዙም አላሰብኩ። ከዚህ ከኮተቤ በታክሲ ወደ መሃል ከተማ የምትወርዱ ሁሉ፣ መገናኛንና ሾላን ካለፋችሁ በኋላ «እንግሊዝ ኤምባሲ ወራጅ አለ!» ሲባል ሰምታችኋል። ግንቡ ረጅም ነው፣ ዛፉ ብዙ ነው። ውስጡ እነማን እንደኖሩ ግን ረዳቱ አይነግረንም። ዛሬ ስለዚያ ግቢ፣ ከግቢውም በፊት ስለነበሩት የእንግሊዝ ቆንስሎች ላወጋችሁ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር እጠራዋለሁ።

የእኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ቆንስል ሲባል ብዙዎቻችን ትልቅ ባለሥልጣን ይመስለናል። እኔ ግን ሁለት ጌታ መሃል የተቀረቀረ ሰው ሆኖ ነው የሚታየኝ። እዚህ ያለው ንጉሥ የንግሥቲቱ አፍ አድርጎ ያየዋል። ለንደን ያለው አለቃው ደግሞ «ንግድህን ተከታተል፣ ሌላው ውስጥ አትግባ» ይለዋል። የመቅደላ መዘዝ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ይባላል። በ1840 ተሾመ። መቀመጫው ምጽዋ ነበር። ምጽዋ ያን ጊዜ የቱርክ ናት። ሰውዬው ግን ባሕሩ ዳር መቀመጥ አልሆነለትም፤ ልቡ ደጋ ነበር። በ1842 ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ፕላውደን ስለዚያ ቀን ጽፎ የተወው ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። ውሉ ድንኳን ውስጥ ይነበባል። እዚያው ድንኳን ውስጥ ፈረስ ታስሯል። ፈረሱ ቆንስሉን ሊረግጠው ምንም አልቀረው። ራስ ዓሊ ከባለሟሎቻቸው ጋር ስለ ፈረሱ ያወራሉ፣ መሃል ላይም ያዛጋሉ። ንባቡ ሲያልቅ፣ ነገሩ ክፋት የለውም፣ ጥቅሙ ግን አይታየኝም አሉ። በአሥር ዓመት አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ ይመጣል ብለው አላሰቡም። ከዚያ ግን ፈረሙ። እንዲህ ያለ ፊርማ ዛሬም በየቢሮው አይጠፋም፤ እሱን እንተወው።

ራስ ዓሊ ወደቁ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ነገሡ። ፕላውደን የንጉሡ ወዳጅ ሆነ። ለንደን ወደ ምጽዋ ተመለስ ይለዋል፣ እሱ ዛሬ ነገ ይላል። በመጨረሻ በ1852 መንገድ ሲጀምር፣ ጎንደር አጠገብ የሸፈተው የጋረድ ሰዎች አቁስለው ያዙት። ገንዘብ ተከፍሎ ተለቀቀ፤ ግን አልተረፈም፣ ጎንደር ላይ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ሌላው እንግሊዛዊ ወዳጃቸው ጆን ቤል በውጊያ ላይ ወደቀ። ቴዎድሮስ በጋረድ ሰዎች ላይ የወሰዱት በቀል ከባድ ነበር። ልብ በሉ፣ ከዚህ በኋላ ለንጉሡ የእንግሊዝ ቆንስል ማለት እንደ ፕላውደን ያለ ሰው ማለት ነው።

የመጣው ግን ቻርልስ ዳንከን ካሜሮን ነው። የክሪሚያን ጦርነት ያየ ወታደር። በ1855 መጀመሪያ ላይ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ሽጉጥ ይዞ ቀረበ። ንጉሡ ደስ አላቸው። በጥቅምት ወር ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልእክተኞች ልልክ እፈልጋለሁ፣ መንገዱን ግን ቱርኮች ይዘውብኛል የሚል ነው። ደብዳቤው የካቲት ላይ ለንደን ደረሰ። ከዚያስ? ከዚያማ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ወረቀት ውስጥ ተቀበረ። መልስ የጻፈለት የለም።

ወጣቶች፣ እናንተ መልእክት ልካችሁ ሰውዬው አይቶ ዝም ሲላችሁ ምን እንደሚሰማችሁ አውቃለሁ። የቴዎድሮስ ግን ይብሳል፤ አገር የሚመራ ሰው ነው፣ ሹማምንቱም ያያሉ። በዚያ ላይ ካሜሮን ወደ ከሰላ፣ የንጉሡ ጠላቶች ወዳሉበት ሄዶ ተመለሰ። ባዶ እጁን! በታኅሣሥ 1856 በሰንሰለት ታሰረ። መልሱ በእንግሊዝ መልእክተኛ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ የደረሰው በጥር 1858 ነው፣ ከሦስት ዓመት በላይ ዘግይቶ። ራሳምም ቆይቶ ታሰረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እስረኞቹ ተፈቱ። ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። ቅርሳችን በዝሆንና በበቅሎ ተጫነ፣ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ሄደ።

ካሜሮን ጥፋተኛ ነበር ወይ? ትንሽ ነበር። ነገር ግን ለመልሱ አለመምጣት ሰንሰለቱን የተሸከመው እሱ ነው። ደብዳቤውን ያስቀመጠው ጸሐፊ ለንደን ውስጥ ሻዩን ይጠጣ ነበር።

ከመቅደላ በኋላ እንግሊዝ ለረጅም ጊዜ እዚህ ቋሚ ሰው አላስቀመጠችም። ያነቃት ዓድዋ ነው። በግንቦት 1889 በሮድ የተመራ የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር ተዋዋለ። በዓመቱ ጆን ሌን ሃሪንግተን ቋሚ ወኪል ሆኖ መጣ። እምዬ ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት ሰፋፊ መሬት ሰጡ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ለጋሲዮን ማለት ከኤምባሲ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ የውጭ መንግሥት ወኪል መሥሪያ ቤት ነው። የእንግሊዞቹ ቦታ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ ነበር። እንግዳ የሚደርሰው በበቅሎ ነው። ያኔ ዳር የነበረው እሱ ነው፤ ዛሬ ዳር የምንባለው ደግሞ እኛ ነን።

ስለ ሃሪንግተን አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። በግንቦት 1894 የሱዳንን ድንበር ውል ከምኒልክ ጋር የፈረመው እሱ ነው። በውሉ ሦስተኛ አንቀጽ ዓባይን፣ ጣናንና ሶባትን የሚመለከት ቃል አለ። ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የውሃውን ፍሰት የሚያቆም ሥራ አይሠራም ይላል። በስንት ድርድር ላይ እንደተነሣ ታውቃላችሁ። ሃሪንግተን እንደ ፕላውደን ወዳጅ ፍለጋ አልመጣም፤ ሥራውን ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ከእሱ በኋላ በታኅሣሥ 1902 ዊልፍሬድ ቴሲገር መጣ። እኔ የምወደው ምዕራፍ ይሄ ነው። ለጋሲዮኑ ያኔ ጎጆ ቤቶች ነበሩበት። ግንቦት 26 ቀን 1902 ከነዚያ ጎጆዎች በአንዱ ውስጥ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ በኋላ በዓረብ በረሃ ጉዞው ዓለም ያወቀው ዊልፍሬድ ቴሲገር ነው፣ ስሙ ከአባቱ ጋር አንድ። በ1909 መጀመሪያ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው መጡ። ሊገቷቸው የወጡት የሸዋው ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ከነሠራዊታቸው አለቁ። ከተማው ተጨነቀ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ምን አደረጉ? የጥቂት ወር ሕፃን የሆነውን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ወደ ለጋሲዮኑ ላኩት። ቴሲገር በሩን ከፈተ። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ የሸዋ ጦር ባያሸንፍ ኖሮ ሕፃኑም አስተናጋጁም ምን እንደሚገጥማቸው አይታወቅም። ውለታው አልተረሳም፤ በ1923 ለንግሥናው በዓል ልጅየው ቴሲገር በግሉ ተጠራ።

ከቴሲገር በኋላ የመጡትን ወኪሎች፣ ክላውድ ራስልንና ቻርልስ ቤንቲንክን፣ ቶሎ ልለፋቸው። በቤንቲንክ ጊዜ እንግሊዝና ጣሊያን ስለ ጣና ውሃና ስለ ባቡር መንገድ እኛን ሳይጠይቁ እርስ በርስ ተስማሙ። ራስ ተፈሪ ነገሩን ወደ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ፣ ወደ ያኔው የዓለም መንግሥታት ማኅበር፣ ወሰዱት። እሰይ ያሰኛል።

ከነሱ በኋላ የመጣው ሲድኒ ባርተን ግን መታለፍ የለበትም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ለቀቁ። ጣሊያን የገባው በ27 ነው። በመሃል ያሉት ቀናት የዝርፊያና የእሳት ነበሩ። የግቢው በር ተከፍቶ ከብዙ አገር የመጡ ከሺህ በላይ ሰዎች ተጠለሉ። ግቢውን የሚጠብቁ የሕንድ ሲክ ወታደሮች በጭነት መኪና እየወጡ ተከብበው የቀሩትን ያመጡ ነበር። ይህ ደግ ሥራ ነው። ግን ያው መንግሥት ዓመት ሳይሞላ ለጋሲዮኑን ወደ ተራ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አወረደው፣ በ1930ዎቹ መባቻም የጣሊያንን ወረራ አወቀ። ባርተን በሩን ሲከፍት ለንደን ፋይሉን ትዘጋ ነበር። እንደ ካሜሮን ጊዜ ማለት ነው። በ1933 ነጻነት ሲመለስ ለጋሲዮኑም ተመለሰ፣ ቆይቶ ኤምባሲ ሆነ።

ይህን ያህል ከወረቀት የተገኘ ነው። በዚያ ግቢ በር የጠበቁ፣ ፈረስ ያጠቡ፣ ወጥ የሠሩ የእኛ ሰዎች ስም ግን እዚህ ወረቀት ላይ የለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አባቱ ወይም አያቱ በለጋሲዮን የሠራ ሰው ካለ፣ የማንበቢያ ቤቱ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው ሊቀዱ ዝግጁ ናቸው። አሁን ማይኩን ወደ ፊት ወንበር ላስተላልፍ፤ አባባ፣ እርስዎ ይጀምሩልን።