እኔ አክስቴ ጋ፣ ወንድሜ ማሳደጊያ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ደሴ ዝናብ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ውስጥ ገብቷል። ከኋላዬ የሚሰማችሁ የቆርቆሮው ድምፅ ነው።

እናታችን ስታርፍ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ አራት። አባታችን ቀድሞ ነው ያረፈው። ሸዋ በር ያለችው አክስቴ አንድ ክፍል ቤትና ሦስት ልጆች ነበሯት። ለቅሶው ሲያበቃ የቅሬው፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩ። እኔ አክስቴ ጋ ሄድኩ፤ ወንድሜ ማሳደጊያ ገባ።

እሁድ እሁድ ልጠይቀው እሄዳለሁ። ጫማው አዲስ፣ ደብተሩ ሙሉ፣ ሥጋም ይበላል። እኔ ደግሞ በአንድ ብርድ ልብስ ለአራት ነው የምንተኛው። ቀናሁበት፣ እውነቴን ነው። ግን ሞግዚቶቹ በፈረቃ ነበሩ። አንዷን «እማዬ» ማለት ሲለምድ ትሄዳለች፣ ሌላ ትመጣለች። በኋላ ማንንም እማዬ ማለት ተወ።

ይሄ የኛ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። ሩማንያ፣ ቡካሬስት ውስጥ በማሳደጊያ ያሉ 136 ሕፃናትን ተመራማሪዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ቤተሰብ ጋ አኖሯቸው። ቤተሰብ ያገኙት ከቀሩት የተሻሉ ሆኑ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። ያን ሳነብ ወንድሜን አሰብኩ።

አገራችን በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሰው ጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ አቁማለች። የአገር ውስጡ አለ። በፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ አሳዳጊው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ፍርድ ቤትም ያጸድቀዋል። ልጁ እንደ አብራክ ልጅ ይቆጠራል፣ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቆረጥም። ይህችን የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ የቲም (አባት የሞተበት ልጅ) ማሳደግን ትልቅ ምንዳ አድርገው ያዩታል፤ የልጁን የዘር ሐረግ ግን አይለውጡም። ለእነሱ የአደራ ቤተሰብ መሆን፣ ልጁን በጉዲፈቻ ሳይወስዱ በአደራ ማሳደግ፣ ይቀላል፤ ልጁ የአባቱን ስም እንደያዘ ያድጋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ቶና ላይ አክስቴ እንዲህ አለች፦ «ለእሱ እዚያ የሚወጣው ግማሹ ለእኔ ቢሰጠኝ፣ ሁለታችሁንም አሳድግ ነበር።» ማንም አልጠየቃትም! ለግንቡ፣ ለዘበኛው፣ ለወጥ ቤቱ ገንዘብ ተገኘ፤ ለሥጋ ዘመዱ አልተገኘም።

ዘመድ ሁሉ ደግ ነው አልልም። «ላስተምራት» ተብላ መጥታ ውሃ ቀጂ ሆና የቀረች ልጅ አውቃለሁ፤ አብራኝ ትማር ነበር፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቀረች። ስለዚህ ለዘመድ የሚሰጥ እርዳታ ብቻውን አይበቃም። ቤት ድረስ መጥቶ ልጅቷን ለብቻዋ የሚያናግር ሰው ያስፈልጋል። የማን ቤት ልጅ እንደሚከፋው የቅሬ እናቶች ያውቃሉ፤ ከእነሱ ይጀመር። ማሳደጊያም ጭራሽ ማንም ለሌለው ልጅ፣ ቤተሰብ እስኪገኝለት ይሁን።

ወንድሜ 18 ሲሞላው በአንድ ሻንጣ ወጣ። አሁን ኮምቦልቻ ይሠራል። እሁድ እሁድ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ አክስቴ ጋ ቡና ይጠጣል። እደር ብትለው እሺ አይልም። እኔ በሩን ገፋ አድርጌ እገባለሁ። እሱ እስከ ዛሬ ያንኳኳል።