እስቲ ልላክህ

እሺ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምቀዳው፣ የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ቻሉት እንግዲህ፣ መስኮቱን ዘግቼ ነው። ዛሬ ስለ ስደተኛ ልጆች ላወራ ነው፣ ግን አንጀት የሚበላ ወሬ ይዤ አልመጣሁም፣ እሱን ቲክቶክ ላይ ጠግባችሁታል።

"አርባ ልጆች" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በ1916 ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ፣ የኛው የጎጃሙ ራስ ኃይሉም አብረዋቸው ነበሩ፣ በኢየሩሳሌም በኩል አለፉ፣ እና እዛ የአርመን ገዳም ውስጥ ወላጆቻቸው በኦቶማን ቱርክ እልቂት ያለቁባቸውን ልጆች አገኙ፣ አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው። ማምጣቱማ አቅም ያለው ሰው ያመጣል። እኔን የሚገርመኝ ልጆቹ እጅ ላይ መለከት መደረጉ ነው። ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል አርመን ሙዚቀኛ ይዟቸው የመንግሥት የማርሽ ባንድ ሆኑ፣ ሰውየውም በኋላ እስከ ደርግ ድረስ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ። ማለት የምፈልገው፣ ልጆቹ መጠለያ ብቻ ተሰጥቷቸው አልተተዉም፣ የሚፈለጉበት ቦታ ነበራቸው።

ይሄንን ሳስብ አክስቴ ትዝ ትለኛለች። ቻግኒ ጉልት ትሸጣለች፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት ምናምን። በ2013 ከመተከል የተፈናቀለው ሰው በአስር ሺዎች ቻግኒ ራንች ካምፕ ሲገባ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው አንድ ልጅ እየመጣ ጉልቱ ጋ ይቆም ነበር። አዎ አውቃለሁ፣ ድንበር ስላልተሻገረ በሕግ ተፈናቃይ እንጂ ስደተኛ አይባልም፣ እሱ ግን ቤቱ የለም፣ በቃ። አይለምንም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ሰው "አይ ምስኪን" ይልና ዳቦ ይሰጠዋል፣ ይቀበላል፣ መሬት መሬት ያያል።

አንድ ቀን አክስቴ ገዢ መጥቶባት ዝርዝር አጣች፣ ሁለት መቶ ብሯን ይዛ "አንተ ማሙሽ፣ ና እስቲ ልላክህ፣ ይቺን ዘርዝረህልኝ ና!" አለችው። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ "ኧረ እታለም አብደሻል፣ ይዞት ውልቅ ይላል" አለቻት። ልጁም ቆየ፣ በጣም ቆየ፣ ገዢው ሳይቀር መነጫነጭ ጀመረ። በኋላ እየሮጠ መጣ፣ ቆጠረችው፣ ልክ ነው፣ ግን አንዷ አስር ብር እስከ ግማሽ ተቀድዳለች። "ዓይንህን የት ጥለኸው ነው ይሄን የምትቀበል? ሂድ ቀይረህ ና!" ብላ ጮኸችበት። ሄደ፣ ከባለሱቁ ጋር ተጨቃጭቆ ቀይሮ መጣ። ከዛ በኋላ የጉልቱ ሴቶች በሙሉ የሚልኩት እሱን ሆነ፣ "የኔን ሳታመጣ ለሷ ትሄዳለህ?" እየተባባሉ እስከ መጣላት ደርሰው ነበር።

ሰፈር ውስጥ ያደጋችሁ ይገባችኋል፣ የኛን አገር ልጅ ጎረቤት ይልከዋል፣ ጎረቤት ይቆጣዋል። ሁሉም "አይዞህ" እያለው የሚያልፈው ልጅ እንግዳ ነው። ብስኩት አስጨብጠው ቪዲዮ የሚቀርጹት ደግሞ ጭራሽ፣ እሱን ተዉኝ። አክስቴን ታዲያ "እንዴት አመንሽው?" ብላት "ምን አምነዋለሁ፣ ጉልበቴን አሞኝ ነው እንጂ" አለችኝ፣ ሃሃ።

አደራ ልጁን ሥራ አስመርሩት አላልኩም። ራሽን ሲቀነስ ደግሞ "ልላክህ" ዱቄት አይሆንም፣ የመንግሥትና የረድኤት ድርጅቶች ሥራ በጉልት ሴት አይተካም።

ግን አሁንም እኮ ልጆች እየመጡ ነው። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች በመተማ ገብተዋል፣ እነሱ ጋ ያለው ልጅ አማርኛ እንኳ አይችልም። አዋጅ 1110/2011 ስደተኛ ልጅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ኢትዮጵያዊ ልጅ እንዲያገኝ ይላል፣ ጎሽ፣ ጥሩ ሕግ ነው። ከክፍል ከገባ በኋላ ግን አጠገቡ ማን ይቀመጣል፣ ኳስ ሲመረጥ ማን ይጠራዋል፣ እሱን አዋጁ አይነግራችሁም። መምህሩ ዳስተሩን አቀብሎት በእጁ ሰሌዳውን ቢያሳየው፣ ሰሌዳ ለማጥፋት ቋንቋ አይጠይቅም፣ ልጆቹም ተራቸውን ስለወሰደባቸው ይናደዱበታል፣ ይናደዱበት፣ ደግ አደረገ፣ ቢያንስ አዩት።

እና መምህራን ካላችሁ፣ አዲስ ልጅ ክፍላችሁ ሲገባ መጀመሪያ ምን እንደምታደርጉ በቴሌግራም ቮይስ ላኩልኝ፣ ቀጣዩ ላይ አሰማዋለሁ። አጭር አድርጉት ግን በሞቴ፣ ባለፈው ከኔ ፖድካስት የሚረዝም ቮይስ የላከ ሰው አለ። ቻው።