ፓስፖርት ያስቀጠረን መምህራን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተወደዳችሁ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ የምናገረው ብቻዬን ነው። ብዙዎቻችሁ «ኮሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ እያስተማሩ መኖር ምን ይመስላል? ከዚያስ በኋላ ወዴት ናችሁ?» እያላችሁ ስትጠይቁን ቆይታችኋል። ለሁለተኛው ጥያቄ ባለቤቴም ሆነ እኔ የተቆረጠ መልስ የለንም፤ ለምን እንደሌለን ግን በሚገባ ማስረዳት የምችል ይመስለኛል።

የምንኖረው ከሴኡል በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው፣ በሐይቅና በተራራ በተከበበችው በቹንቾን ከተማ ነው። ሁለታችንም በልጅነታችን ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ ተወስደን፣ እዚያው ተምረን ያደግን ነን። እኔ ከተማው ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ የሳምንቱን ከፊል ቀናት እዚሁ ሠርቶ፣ በቀሩት ቀናት ማልዶ በአውቶቡስ ወደ ህዋቾን ወረዳ በመውጣት፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎች በጣት በሚቆጠሩባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ያስተምራል።

ሥራው ከባድ ነው ብዬ አላማርርም። ውላችን በሳምንት እስከ 22 ክፍለ ጊዜ እንድናስተምር የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአንደኛ ደረጃ አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛን የሚጀምሩት በሦስተኛ ክፍል ነው። ክፍሉን የምንይዘው ብቻችንን ሳይሆን ከኮሪያዊ መምህር ጋር ተጣምረን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከባዱን ሸክም የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። አብራኝ የምታስተምረው መምህርት የትኛው ልጅ ለምን ዝም እንዳለ፣ የትኛው ከትምህርት በኋላ እስከ ምሽት ድረስ በግል ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት እንደሚቆይ፣ የትኛውስ ቤተሰቡ መክፈል እንዳልቻለ ለይታ ታውቃለች። ሰዋስውን ከእኔ በተሻለ ታስረዳለች። የእኔ ድርሻ አነጋገሬ ነው፤ ልጆቹም ከመጽሐፍ ውጭ በእንግሊዝኛ የሚያወሩት ሰው ማግኘታቸው ነው።

የእንግሊዝኛ ክብደት በዚህ አገር ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ በኅዳር ወር ነው። በብሔራዊው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቀን፣ የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት ሰዓት፣ የአውሮፕላን ድምፅ ተማሪዎቹን እንዳይረብሽ በመላ አገሪቱ ማረፍም መነሣትም ይቆማል። ስምንተኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲፈተኑ መብራት የጠፋባቸው አድማጮቼ ይህን ሲሰሙ ፈገግ እንደሚሉ እገምታለሁ።

ከሥራ ስንመለስ ቤታችን አንድ ክፍልና ትንሽ ማድ ቤት ነው፤ ኪራዩን የሚሸፍነው አሠሪያችን ነው። ክረምቱ እጅግ ቀዝቃዛ ቢሆንም የኮሪያ ቤቶች ከወለሉ ሥር ስለሚሞቁ፣ ቡኮውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ሳድር ቨርጂኒያ ውስጥ ከማውቀው በተሻለ ይቦካልኛል። የጤፍ ዱቄቱን በኢንተርኔት ከአሜሪካ እናስመጣለን። የሚያስቸግረን ጾም ነው። የትምህርት ቤቱ ምሳ ሞቅ ያለና የተመጣጠነ ነው፤ ነገር ግን ሾርባው በደረቅ ዓሣ የተቀቀለ፣ ኪምቺ የሚባለው የቦካ ጎመንም አብዛኛውን ጊዜ በጨው የታሸ ሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) የገባበት ስለሆነ፣ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ሩዝና ቅጠላ ቅጠል እየመረጥን ለባልደረቦቻችን ምክንያቱን ስናስረዳ እንከርማለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እዚህ አገር በእንግሊዝኛ መምህርነት ለመቀጠር የምንጠቀምበት ቪዛ በመደበኛው አሠራር የሚሰጠው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ እነሱም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪና ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይጠየቃል፤ በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ የተገኘ ዲግሪ ይበቃል። አዲስ አበባ ያለች አንዲት ወዳጄ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማር ሁለተኛ ዲግሪ አላት፤ ለዓመታትም አስተምራለች። እኔ የተመረቅሁት በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። እሷ ለዚህ ሥራ ማመልከት አትችልም፤ እኔ ግን በአሜሪካ ፓስፖርቴ ምክንያት ተቀጠርኩ። ይህን ደንብ ፍትሐዊ ነው ብዬ ልከላከልለት አልችልም። ሆኖም የምኖረው በእሱ ነውና አጥብቄ ልኮንነውም ያሳፍረኛል።

የሚያስገርመው፣ የቹንቾን ሰው የሚያየን በፓስፖርታችን አይደለም። በኮሪያ ጦርነት ለመዋጋት እ.ኤ.አ. በ1951 የመጣው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ሆኖ የተዋጋው ባለቤቴ በአውቶቡስ በሚመላለስባቸው በህዋቾን ተራሮች አካባቢ ነበር። እዚሁ ቹንቾን ውስጥ በጎንጂቾን ወንዝ ዳር ለወታደሮቹ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. በ1968 በምረቃው ላይ ተገኝተዋል። ከሐውልቱ አቅራቢያ የኢትዮጵያ ቡና የሚሸጥበት ዕድሜ ጠገብ ቤት አለ። ገበያ ውስጥ አትክልት የሚሸጡ እናት ከየት እንደመጣን ጠይቀውን «ኢትዮጵያ» ስንላቸው ሚዛኑን ትተው አንድ እፍኝ ቃሪያ ይጨምሩልናል። ትምህርት ቤቱ የቀጠረን አሜሪካውያን ብለን በፈረምነው ውል ነው፤ ሠፈሩ የሚያከብረን ግን አያቶቻችን ሊሆኑ በሚችሉ ወታደሮች ስም ነው። ለሁለቱም የከፈልነው ዋጋ የለም።

ስለ ወደፊቱ ስናወራ የሚያወዛግበንም ይኸው ነው። ውላችን የአንድ ዓመት ነው። የትምህርት ዓመቱ በመጋቢት መጀመሪያ ስለሚከፈት፣ ቅዝቃዜው ሲጀምር የማደሻው ጥያቄ ይመጣል፤ እኛም ልጅ ስለ መውለድ፣ ቤት ስለ መግዛት፣ ትምህርት ስለ መቀጠል የጀመርነውን ወሬ ለሚቀጥለው ዓመት እናስተላልፈዋለን። መቆየት ይቀልላል። ኪራይ የለብንም፤ ስንለቅ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ያህል የስንብት ክፍያ እናገኛለን፤ አሜሪካውያን ስለሆንን የጡረታ መዋጮአችን አሠሪው ከከፈለው ጋር ተደምሮ ይመለስልናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 የኮሪያ የወሊድ መጠን በአንዲት ሴት 0.72 ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ከሚያስተምርባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ይዘጋ ይሆን እያሉ ወላጆች ሲጨነቁ ይሰማል። የመምህር ቅጥርም ከተማሪው ቁጥር ጋር እየወረደ መሄዱ የማይቀር ይመስለኛል።

ባለቤቴ ወደ ቨርጂኒያ ተመልሰን የመምህርነት ፈቃድ እናውጣ ይላል፤ ያለ ፈቃድ ያስተማርንበት ዘመን በሥራ ልምድ እንደማይቆጠርልን ስለሚፈራ ፍርሃቱ ተገቢ ነው። የእኔ ሐሳብ አዲስ አበባ ነው። በኢትዮጵያ ተማሪው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንዲማር ይጠበቃል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መምህሩ ራሱ ቋንቋውን የሚናገርበት አጋጣሚ አላገኘም። እዚህ ያየሁት የጥንድ ማስተማር ዘዴ እዚያ ቢሞከር፣ ማለትም የቋንቋው መምህር ከፊዚክሱ መምህር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቢቆም፣ ምን ያህል እንደሚረዳ ማየት እፈልጋለሁ። ባለቤቴ «ደመወዙን ማን ይከፍላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን እስካሁን የሚያሳምነው መልስ አልሰጠሁትም።

የተስማማነው በአንድ ነገር ነው። እዚህ የበጋው ዕረፍት የሚውለው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ነው፤ በአገር ቤት ደግሞ ያ ወቅት መምህራን በየዩኒቨርሲቲው የክረምት ትምህርት የሚከታተሉበት ነው። ውሉን ለአንድ ዓመት አድሰን፣ ያለንን የዓመት ፈቃድ በሙሉ ለነሐሴ አጠራቅመን፣ ከኢንቾን ወደ አዲስ አበባ ሄደን ከወዳጄ ጋር ጥቂት መምህራንን ለማሠልጠን እንሞክራለን። በዚህ ጊዜ ዋና አሠልጣኝ የምትሆነው እሷ ናት፤ እኔ ረዳቷ እሆናለሁ። የፈቃድ ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት አስገብተናል፤ የትምህርት ቤቱን መልስ እየጠበቅን ነው።